ቀለሙን አይታችሁ ስም አታውጡለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው የሳምንት መጨረሻ እትማችሁ ስለ ተወለወሉ ድንጋዮች ያወጣችሁትን ባለቀለም ገጽ አይቼዋለሁ። ፎቶዎቹ ልብ ይሰርቃሉ። ያነሳቸው ሰው እጁ ይባረክ። የኔ ቅሬታ ከፎቶዎቹ ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ነው። ድንጋዮቹን በቀለም ደርድራችኋቸዋል፤ ሰማያዊው ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ። ለዓይን ይመቻል። ነገር ግን ሰማያዊ በተባለው ረድፍ ውስጥ አንዱ የብዙ ማዕድናት ድብልቅ የሆነ ዓለት ነው። አንዱ ራሱን የቻለ ማዕድን ነው። አንዱ ቀለም የተነከረ አጌት የሚባል ባለመስመር ድንጋይ ነው። አራተኛው ጭራሽ ድንጋይ አይደለም፤ ብርጭቆ ነው። ከሥራቸው የተጻፈው ግን ለአራቱም አንድ ነው፦ «የተፈጥሮ ድንጋዮች»።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ትርፍ ጊዜዬ የሚያልቀው ድንጋይ በማንከባለል ነው፤ ማለትም በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከትቶ በማለስለስና በመወልወል። ማሽኔ ሌት ተቀን ይሽከረከራል። ባለቤቴ ድምፁን ከመልመዷ የተነሳ አሁን ከእንቅልፏ የምትነቃው ሲቆም ነው።

እውነቱን ለመናገር በገጹ ጸሐፊ ብዙም አልፈርድም። የተንከባለለ ድንጋይ ማንነቱን መደበቅ ያውቅበታል። ኳርትዝ እንደልቡ ሲያድግ ስድስት ጎን ያለውና ጫፉ የሾለ ክሪስታል ይሠራል። ፍሎራይት ኩብ ይሠራል። ጋርኔት ብዙ ፊት ያለው ድቡልቡል ነው። ባለሙያ ከሩቅ አይቶ ይለያቸዋል። በርሜል ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ጥጉም ጫፉም ይበላና ሁሉም ልሙጥ ጠጠር ይሆናሉ። የሚቀረው ቀለሙ፣ ጥለቱ፣ ክብደቱና ብርሃን ሲያርፍበት የሚያሳየው ጠባይ ነው። ከእነዚህ መካከል የቀለምን ያህል የሚዋሽ የለም። እናንተ ደግሞ የመረጣችሁት እሱን ነው።

ድንጋዮቹ «በዘይት እየታሹ እንደሚያበሩ» ጽፋችኋል። እንዲያ አይደለም። በርሜሉ ውስጥ የሚገቡት ከውሃና ሲሊኮን ካርባይድ ከሚባል የሚፈትግ ዱቄት ጋር ነው። በርሜሉ ሁለት ሦስተኛው ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መሞላት አለበት። ከጎደለ ድንጋዮቹ እየወደቁ ይጋጫሉ፤ ከተጨናነቀ ደግሞ አይንቀሳቀሱም። መጀመሪያ 60/90 የሚባለው ሻካራ ዱቄት ይገባል (ቁጥሩ ሲያድግ ዱቄቱ ይልማል)፤ ቅርጽ የሚያወጣው እሱ ነው። ከዚያ መካከለኛው፣ ከዚያ 500 አካባቢ ያለው የላመ፣ በመጨረሻ እንደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለ ማወልወያ። እያንዳንዱ ደረጃ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ጠቅላላው ወር አካባቢ ነው። በየመሀሉ ድንጋዩም በርሜሉም ሙልጭ ተደርጎ ይታጠባል። አንዲት የሻካራው ቅንጣት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ወደ መጨረሻው ደረጃ ከዘለቀች የወሩ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህን ሥራ ልሞክር የሚል ሰው ካለ ጭቃውን ወደ ፍሳሽ ቱቦ እንዳይደፋው። ታች ወርዶ ይጋገርና ቱቦውን ይደፍነዋል።

ማብራቱስ ከየት ይመጣል? ሻካራ ድንጋይ የሚደበዝዘው ፊቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጭረቶች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው። ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ጭረቶቹን ይሞላል፤ ቀለሙም ወዲያው ቦግ ይላል። ሲደርቅ ወደ ድሮው ይመለሳል። መወልወል ማለት ያንን የረጠበ መልክ ቋሚ ማድረግ ነው፤ ጭረቶቹን ዓይን እስከማያያቸው ድረስ ማሳነስ። ሥራው ማለቁን ለማወቅ ድንጋዩን በደረቁ አምፖል ሥር ያዙት። የአምፖሉ ምስል ፊቱ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ አልቋል። የምስሉ ጠርዝ ከደበዘዘ ይቀረዋል። ሰም ወይም ዘይት ተቀብቶ የሚያብለጨልጭም ሞልቷል፤ እሱ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው ረድፍ ልምጣ። የመጀመሪያው ላፒስ ላዙሊ ነው፤ እዚያ ላይ ልክ ናችሁ። ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ካልሳይት የሚባል ነጭ ማዕድን ጣል ጣል ብሎበታል። እዚህም እዚያም ወርቅ የሚመስል ነጠብጣብ አለው። ነጠብጣቡ ወርቅ ሳይሆን ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ነው። በአፍጋኒስታን ባዳክሻን ግዛት ላፒስ ከሺዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ ይቆፈራል። በጥንቷ ግብፅ ንጉሥ በቱታንክሃሙን የወርቅ ጭንብል ላይ የዓይኑ ኩልና ቅንድቡ የተሠሩት በላፒስ ነው።

ሁለተኛውንም ላፒስ ብላችሁታል። እሱ ሶዳላይት ነው። ሰማያዊነቱ ትንሽ ወደ ቀለም ብዕር ይሄዳል፤ ነጩ ደግሞ በደም ሥር መልክ ያቋርጠዋል። ወርቃማው ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ አይገኝበትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ሰው ልዩነቱ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ሦስተኛው ያ የሚጮኸው ሰማያዊ አጌት ነው። አጌት በተፈጥሮው አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ውበቱ ከመስመሮቹ ነው። መስመሮቹ የተፈጠሩት በዓለት ክፍተት ውስጥ ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበት ነገር፣ በየተራ እየተነጠፈ ሲሞላው ነው። አንዳንዱ መስመር ቀዳዳ አለው፣ ቀለም ይጠጣል። አንዳንዱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አይጠጣም። የፎቶውን ድንጋይ እስቲ ደግማችሁ እዩት። አንዱ መስመር ደማቅ ሰማያዊ፣ ጎረቤቱ ነጭ፣ ቀለሙም ስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ። ይህ የማቅለም ምልክት ነው። የጀርመኗ ኢዳር ኦበርሽታይን ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብራዚል በሚመጣ አጌት ይህን ጥበብ አስፋፍታ ታወቀችበት። ጥቁሩ ኦኒክስ እንኳ አብዛኛው እንዲሁ ነው። ድንጋዩ በስኳር ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ቀዳዳው ውስጥ የገባውን ስኳር ወደ ካርቦን ይለውጠዋል። ድንጋዩ ይጠቁራል፤ አይለቅም። ማቅለም ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም። ድንጋዩም ድንጋይ ነው፣ ሥራውም ሥራ ነው። ግን ይነገረን።

አራተኛው ጎልድስቶን ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በውስጡ እልፍ ብልጭታዎች አሉበት። ሰው ያየው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔም አልጠላውም። ግን በምድጃ የተሠራ ብርጭቆ ነው። ቡናማ ዓይነቱ ላይ የሚያብለጨልጩት ብርጭቆው ውስጥ የተፈጠሩ ጥቃቅን የመዳብ ክሪስታሎች ናቸው። ጥበቡ የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች ነው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። የሚያጋልጠው ብልጭታው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የተፈጥሮ ድንጋይ እንዲህ አይጠነቀቅም። ፌልድስፓር ከሚባለው የማዕድን ቤተሰብ የሆነው ሰንስቶን ተመሳሳይ ብልጭታ አለው፤ ግን አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ድንጋዩ ተዘንብሎ ካልተያዘ አይታይም።

ቀዩን ረድፍ ቶሎ ልለፈው። ካርኔሊያንና ቀይ ጃስፐር አንድ ላይ ተቀላቅለዋል። ሁለቱም ዋናው አካላቸው ሲሊካ ነው፤ የሁለቱም መቅላት ከብረት ኦክሳይድ ነው። መለያው ቀላል ነው። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ከድንጋዩ ጀርባ ያዙት። ካርኔሊያን ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ዳር ዳሩ እንደ ፍም ይቀላል። ጃስፐር ድርቅ ብሎ ይቀራል። በቃ። ብርሃን ስታበሩበት ካርኔሊያን የተባለው ውስጥ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታዩ ደግሞ ቀይ የተነከረ አጌት ሊሆን ይችላልና ጠርጥሩ።

ቢጫው ላይ ግን ትንሽ መቆም አለብኝ። ሲትሪን ብላችሁ ያወጣችሁት ብርቱካናማ ድንጋይ ወደ አንድ ጎኑ ነጣ ብሏል። እሱ ቀድሞ አሜቲስት ነበር። አሜቲስት ወይን ጠጅ የሚሆነው በውስጡ ባለው ጥቂት ብረትና በተፈጥሮ ጨረር ምክንያት ነው። ወደ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል። በዓለም ገበያ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው እንዲህ የተለወጠ አሜቲስት ነው። በተፈጥሮው ሲትሪን የሆነው ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ፣ ጭስ የነካው የሚመስል ቢጫ ነው። ደማቅ አይደለም፤ ፎቶ ላይም አያምርም። ለዚህ ይሆናል ማንም የማያወጣው። አሜቲስት ያለው ሰው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ አይተወው። ቀለሙ ይሸሻል።

አረንጓዴው ረድፍ ውስጥ ሞስ አጌት አለ። ከሥሩ «በውስጡ ጥንታዊ ተክል ተቀብሮበታል» ይላል። ይህን ማረም አለባችሁ። ልጆች ያነቡታል። እዚያ ውስጥ ተክል የለም። ቅርንጫፍ የሚመስለው የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ፣ ወይም እንደ ክሎራይት ያለ አረንጓዴ ማዕድን ነው። ሲሊካው ውስጥ እየተስፋፋ ሲያድግ የዛፍ መልክ ይይዛል። ለኔ እንዲያውም ከተክሉ ይልቅ ይህ ይገርማል።

ከሞስ አጌት ጎን ያለው አቬንቹሪን ነው። አረንጓዴ ኳርትዝ ሆኖ ፉክሳይት የሚባል ክሮሚየም ያለበት ሚካ (በስስ ቅጠል የሚላጥ ማዕድን) በውስጡ ተበትኗል። ሲገላበጥ ብልጭ ብልጭ የሚለው ሚካው ነው። ማላካይት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የመዳብ ካርቦኔት ነው። ብርሃን አያሳልፍም፤ ደማቅና ጠቆር ያለ አረንጓዴ እየተፈራረቀ ክብ ክብ ይሠራል። ሲይዙት ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛልም። የፕላስቲክ ፎርጅዱ ክብደቱ ቀላል ነው፤ መስመሮቹም በማስመሪያ የተሠመሩ ይመስላሉ። ማላካይት ለስላሳ ነው፣ የማዕድን ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ 3.5 እስከ 4። ኳርትዝ 7 ነው። ሁለቱን አንድ በርሜል ውስጥ ከከተታችኋቸው ከማላካይቱ የሚተርፈው አረንጓዴ ጭቃ ብቻ ነው። አቧራውም ለሳንባ አይበጅም። በደረቁ አይፈተግ።

ነጩ ረድፍ ውስጥ አንድ ድንጋይ ብቻ አለ፣ እሱም ሃውላይት ነው። ነጭ ሆኖ ግራጫ የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር አለው። ሰው ንቆ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ ድንጋይ ቀለም ሲጠጣ ጉድ ነው። ሰማያዊ ነክረው ቱርኩዋዝ የሚባለው የከበረ ሰማያዊ ድንጋይ ነው ብለው ያወጡታል። ጥቂት አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) በነካ ጥጥ እሹት። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ነገሩ ታወቀ። ጥጡ ነጭ ሆኖ ቢቀር ግን ገና አልተረጋገጠም፤ አንዳንዱ ከላይ በሙጫ ይሸፈናልና። እናንተ በሰማያዊና በአረንጓዴ መሀል ያስቀመጣችሁት «ቱርኩዋዝ» ድሩ ያለልክ ጥቁር ነው። እኔ በፎቶ አልፈርድም። ጥጥና አሴቶን ይፍረድ።

ብረት የመሰለውን ሔማታይትም አይቻለሁ። ፎቶው ላይ ሁለቱ ጠጠሮች ተጣብቀው ቆመዋል። ሔማታይት በማግኔት ያን ያህል አይሳብም፣ እርስ በርሱም አይጣበቅም። እንዲህ የሚጣበቀው ፌራይት የሚባል በፋብሪካ የተሠራ ማግኔት ነው። እውነተኛው ሔማታይት መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል፤ ከኳርትዝ በእጥፍ ገደማ። መስተዋት ባልተቀባ የሸክላ ንጣፍ ጀርባ ላይ ሲፋቅ ደግሞ ቀይ ቡናማ መስመር ይተዋል። ጥቁር ድንጋይ ቀይ ሲጽፍ ማየት መቼም አይሰለችም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። ላብራዶራይትን «ግራጫ» ረድፍ ውስጥ ከታችሁታል! ፎቶግራፍ አንሺው ድንጋዩን ባሳየው ጎን ግራጫ ነው፤ ልክ ነው። አዘንብሉት። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። ግራጫው ይጠፋና ከሥሩ ሰማያዊ ይነሳል። ገና ጫፉ ላይ ነው። ጥቂት ስታዞሩት ሰማያዊው ሙሉውን ፊት ይወርሰዋል፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ፣ ዕድል ካላችሁም ወርቃማ ይከተላል። ቅንጣት ያህል አልፋችሁ ስታዞሩት ድርግም። ተመልሶ ተራ ድንጋይ። ይህ ቀለም ድንጋዩ ውስጥ የለም። ላብራዶራይት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ሁለት ዓይነት ፌልድስፓር በጣም በሳሱ ንጣፎች ተነባብሮ ይለያያል። ከየንጣፉ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ይደራረብና አንዳንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የንጣፉ ውፍረት ነው። ስሙን ያገኘው በካናዳ ከሚገኘው ላብራዶር ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አውሮፓ ያወቀው ከዚያ ነው። ሲንከባለል ድቡልቡል ስለሚሆን አንዱ ጎኑ ይነዳል፣ ሌላው ጎን ሙት ነው። ቀለሙ የሚወጣበትን አቅጣጫ ሳያጠና የሚፈትገው ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንም፤ በርሜል ግን አያጠናም። ስለዚህ ከአንድ እጅ ሙሉ ላብራዶራይት ውስጥ እሳት የሚያወጡት ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚያን ነው ሰው የሚደብቀው።

ታይገርስ አይም እንዲሁ ተበድሏል። «ቡናማ ባለመስመር» ብቻ ነው የተባለው። መስመሩ እኮ ይንቀሳቀሳል። ቢጫና ቡናማ ክሮች አንድ ላይ ተሰልፈው ተኝተዋል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ክሮቹን አቋርጦ አንድ የሐር ዓይነት ነጸብራቅ ይጋደማል። ድንጋዩ ሲዞር ነጸብራቁ ይሄዳል። ቀዩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የተለወጠ ነው። ሰማያዊ ግራጫውን ሆክስ አይ ይሉታል። ነጸብራቁ እንከን የሌለው ቀጥ ያለ መስመር ከሆነና ድንጋዩም አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ነጭ እያለ በየቀለሙ ከመጣ የብርጭቆ ክር ነው። በጎኑ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን ስድስት ጎን ቀዳዳ መሳዮች ይደረደራሉ።

ባልጩትን ከብርጭቆዎቹ ጋር አለመደባለቃችሁ ደስ ብሎኛል፤ ምንም እንኳ እሱም ብርጭቆ ቢሆን። የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። ነጭ የበረዶ ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ዓይነት ነጠብጣቡ ክሪስቶባላይት የሚባል የሲሊካ ማዕድን ነው፤ ብርጭቆው ቀስ በቀስ ወደ ክሪስታል ሲለወጥ የሚፈጠር። ኦፓልን ግን በዚህ ገጽ ላይ ምን አመጣው? እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው የወሎው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ የሚጫወተው ቀለም ሊጠፋ ይችላል፤ እስኪደርቅም መታገስ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለሳምንታት ጭቃ ውሃ ውስጥ አይንከባለልም። ፎቶው ላይ ያለውም በእጅ የተቆረጠ እንጂ የተንከባለለ አይደለም፤ ታችኛው ፊቱ ጠፍጣፋ ነው።

ድንጋዮች ይፈውሳሉ ብላችሁ የጻፋችሁትን አንቀጽ አልነካውም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገጹን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ስም አጠገብ አንዲት ነገር ጨምሩ፦ የተፈጥሮ ቀለም፣ በሙቀት የተለወጠ፣ የተነከረ፣ ወይም ሰው ሠራሽ። ቦታው ከጠበበ ስለ ፈውስ ያለው አንቀጽ ይውጣ። ላብራዶራይትን ሁለት ጊዜ አንሱት፣ አንዴ ሞቶ፣ አንዴ ነዶ። ካርኔሊያንን ከጀርባ ብርሃን አብሩበት። ሞስ አጌት ላይ ያለውን ተክል በሚቀጥለው እትም አርሙ፣ ይህኛው አይቆይ።

ለፎቶ ሶዳላይትና ላፒስ ጎን ለጎን ካስፈለጋችሁ እኔ ዘንድ ሁለቱም አሉ። ሮዝ ፌልድስፓርና አረንጓዴ ኤፒዶት የተዥጎረጎረበት አንድ ዩናካይትም አለኝ፤ በገጻችሁ ላይ ቦታ ያላገኘው ለየትኛው ረድፍ እንደሚሆን ስለቸገራችሁ ይመስለኛል። እሱን መጥታችሁ ታነሱታላችሁ እንጂ አላውስም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ድንጋይ አንከባላዩ አንባቢያችሁ